ጥቁሩ ቢራ ሲሞቅ

ኢምፔሪያል ስታውትን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው የተጎነጨ ሰው ስለ ቢራው ብዙም ሊነግረን አይችልም። ቅዝቃዜው ምላስን ያደነዝዛል፤ መዓዛውንም አፍኖ ይይዘዋል። እንዲህ የቀመሰ ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ምሬቱንና ጉልበቱን። አንዱ "አቤት ሲከብድ!" ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው በዚያው በጉልበቱ ያሞግሰዋል። ሁለቱም ይበድሉታል። ይህ ቢራ የሚዳኘው ብርጭቆ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሞቅ ነው፤ ከመጀመሪያው ጉንጭ ይልቅ የመጨረሻው እውነቱን ይናገራል።

ስታውት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጊነስን ነው። ጊነስ ግን መልኩ ጠቆረ እንጂ ቀለል ያለ ቢራ ነው፤ በብዙ አገር ከበርሜል የሚቀዳው የአልኮል መጠኑ ከ4 በመቶ ብዙም አያልፍም። ኢምፔሪያል የሚባለው ወገን ከ8 እስከ 12 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ይህን ያህል አልኮል እንዲወጣው ብቅሉ በብዛት ይገባበታል። እርሾው የብቅሉን ስኳር ሁሉ በልቶ ስለማይጨርሰው የሚተርፈው ጣፋጭነት ለቢራው ውፍረትና ክብደት ይሰጠዋል። በሐረር ቢራ ፋብሪካ ይጠመቅ የነበረውን ሐኪም ስታውት የቀመሱ አንባቢዎች የተቆላ ብቅል ጣዕም እንግዳ አይሆንባቸውም፤ እዚህ ግን ሁሉም ነገር በእጥፍ ነው።

ታሪኩ የሚነሣው ከለንደን ነው። ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ሳውዝዋርክ በተባለው ሰፈር አንከር የሚባል ግዙፍ የቢራ መጥመቂያ ነበር። ባለቤቱ ሄንሪ ትሬል እ.ኤ.አ. በ1781 ሲሞት ከኑዛዜው አስፈጻሚዎች አንዱ ስመ ጥሩው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። መጥመቂያው በ135,000 ፓውንድ ለባርክሌይና ለፐርኪንስ ተሸጠ። ከዚያ ይወጣ የነበረው የስታውት ቅድመ አያት፣ ፖርተር የተባለው ብርቱ ጥቁር ቢራ፣ የባልቲክን ባሕር አቋርጦ ሩሲያ ይገባ ነበር። ሠዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን በ1796 በዕለት ማስታወሻው ላይ፣ የጠጣው ፖርተር ለሩሲያ ንግሥት ተብሎ የተጠመቀ እንደሆነና ሰባት ዓመት ሳይበላሽ እንደሚቆይ እንደተነገረው አስፍሯል። ንግሥቲቱ ታላቋ ካትሪን ናት።

ጉልበቱ የበዛው በባሕር ጉዞ ላይ በረዶ እንዳይሆን ነው የሚል ወሬ አለ። እኔ አልቀበለውም። ብርቱ ቢራ የተጠመቀው ገዢው ብርቱ ቢራ ስለፈለገና ለመክፈል አቅሙ ስለነበረው ነው።

የዛሬውን ድቅድቅ ጥቁረት ያመጣው ግን ቤተ መንግሥት ሳይሆን አንድ መሣሪያ ነው። ዳንኤል ዊለር በ1817 በእንግሊዝ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የብቅል መቁያ፣ ልክ እንደ ቡና መቁያ እሳት ላይ የሚሽከረከር የብረት በርሜል ነበር። ከዚያ በፊት ጠማቂዎች መልክ ለማግኘት ቡናማ ብቅል በብዛት ይጨምሩ ነበር፤ ቡናማው ደግሞ ስኳር አይለግስም። ዊለር ብቅሉን እስኪጠቁር ቆላውና ጥቂቱ ብዙውን አጠቆረው። ዋናው ጥንስስ ነጣ ካለው፣ ስኳሩ ከማይነጥፈው ብቅል ሆነ፤ ጥቁሩ ለመልክና ለጣዕም ብቻ ይገባል።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን የዚህን ነገር ምሥጢር ከማንም ቀድመው ያውቁታል። አሻሮው በጠቆረ ቁጥር ጠላው ይጠቁራል። ነገር ግን መጠቆርና ማረር ለየቅል ናቸው፤ ምጣዱ ላይ ትንሽ ከተዘናጉ ያረረው አሻሮ ድፍድፉን በሙሉ ይዞት ይሄዳል፣ ጌሾም አይመልሰውም። በኢምፔሪያል ስታውት ፊት የሚቀመጥ ዳኛ የመጀመሪያ ጥያቄውም ይኸው ነው፦ ተቆልቷል ወይስ አርሯል? በደንብ የተቆላው ጥቁር ቸኮሌት፣ ቡና፣ የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት ይሸታል። ያረረው አመድ አመድ ይላል፤ ከዋጡትም በኋላ ላንቃ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ኦልድ ራስፑቲንን ነው። የሚጠመቀው በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ፎርት ብራግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ኖርዝ ኮስት በተባለ ፋብሪካ ነው። የአልኮል መጠኑ 9 በመቶ ሲሆን በዓለም አቀፉ የምሬት መለኪያ 75 ላይ ይቆማል፤ በየሆቴሉ የምናገኛቸው ቀላ ያሉ ቢራዎች በዚሁ መለኪያ 20 አካባቢ ናቸው። የመረጥኩት በቫኒላም ሆነ በኮኮናት ሳይደገፍ በብቅል፣ በሆፕ፣ በእርሾና በውኃ ብቻ የሚቆም ቢራ ስለሆነ ነው።

ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ከቆየ በኋላ፣ ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ባለ የኮኛክ ብርጭቆ እስከ ግማሽ ይቀዳል። አወራረዱ ዘገም ያለ ነው። አረፋው ነጭ ሳይሆን ወተት በትንሹ የነካው ማኪያቶ ቀለም አለው፤ ብርጭቆውን ዘንበል ሲያደርጉት ግድግዳው ላይ ቡናማ ዱካ ይተዋል። ወደ መብራት ቢያነሡት ከጠርዙ ላይ ካልሆነ ብርሃን አያሳልፍም። መልኩ ዓይን ይሞላል፤ ይሁን እንጂ የቢራ ዳኞችን ፈትኖ ማዕረግ የሚሰጠው ቢጄሲፒ በውጤት ወረቀቱ ላይ ከ50 ነጥብ ለመልክ የሚሰጠው 3 ብቻ ነው። መዓዛ 12፣ ጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት 5፣ አጠቃላይ ግምገማ 10 ይይዛሉ። ሚዛኑ ተገቢ ይመስለኛል። ጥቁረት በጥቂት ጥቁር ብቅል ይገኛል፤ መዓዛ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አሁን አፍንጫ ወደ ብርጭቆው። መጀመሪያ የሚመጣው የተቆላው ነው፤ ጭስ ሊወጣው የቀረበ ቡና። እጅን ከብርጭቆው ሆድ ሥር አድርጎ ትንሽ አሙቆ፣ ቀስ አድርጎ አዙሮ እንደገና ማሽተት ነው። ሙቀቱ ወደ 12 እና 13 ዲግሪ ሲጠጋ ከቡናው ሥር ተደብቆ የነበረው ይወጣል፦ የደረቀ ፕለምና ዘቢብ፣ የተቃጠለ ስኳር። ይህ የፍሬ መዓዛ ፍሬ ተጨምሮበት የመጣ አይደለም፤ የእርሾውና የብቅሉ ሥራ ነው። በስድስት ዲግሪ ያልነበረ ነገር በአሥራ ሦስት ዲግሪ ብቅ ሲል ነው ሰው ይህን ቢራ የሚወደው።

ጉንጩ አነስ ይበል። ምላስ ላይ ትንሽ አቆይቶ፣ ውጦ፣ ትንፋሽን በአፍንጫ ማውጣት። የወይን ቀማሾች ይተፉታል፤ የቢራ ዳኛ ግን ይውጣል፣ ምክንያቱም የምሬቱ አወጣጥ ከዋጡት በኋላ ነው የሚታወቀው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ምሬት አለ። አንደኛው የሆፕ ነው፤ ጠራ ያለ፣ ቶሎ የሚመጣ፣ ጌሾ ለለመደ ምላስ የማይከብድ። ሁለተኛው የተቆላው ብቅል ነው፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል። በኦልድ ራስፑቲን ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ በመካከላቸው የብቅሉ ጣፋጭነት ምላስን ያሳርፋል። አልኮሉም ራሱን ያሳውቃል፤ ጉሮሮ ሳይቆርጥ ደረት ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ቢራዎች የሚወድቁበት ነው። እርሾ በከባድ ጥንስስ ውስጥ ሲጨናነቅ ወይም ሙቀቱ ሲበዛበት ያቃጥላል የሚባለውን ሻካራ አልኮል ይሰጣል፤ ሽታውም ወደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያዘነብላል። ቅቤ ቅቤ የሚል ካለ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ተወስዷል። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶበታል። አኩሪ አተር ሶስ የሚመስል ጨዋማ ሽታ ከመጣ ቢራው ከሞተ እርሾ ጋር አለቅጥ ተቀምጧል። እነዚህን በጉልበቱ ብዛት "የዚህ ቢራ ጠባይ ነው" ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። ጥቁር መሆኑ ጉድለትን አይሸፍንም።

በ1990ዎቹ ቺካጎ የሚገኘው ጉስ አይላንድ ኢምፔሪያል ስታውቱን ቦርቦን ዊስኪ በነበረበት የኦክ በርሜል ማስቀመጥ ጀመረ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። በርሜሉ የቫኒላና የእንጨት መዓዛ ያወርሰዋል። እኛም የጠላ ጋኑን በወይራ አጥነን ነው የምንጠምቀውና እንጨት በመጠጥ ላይ ያለውን ውለታ እናውቃለን። መጠኑን ሲያልፍ ግን ቢራው ዊስኪ የተጨመረበት ሽሮፕ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጣው ፋሽን፣ ኬክና ከረሜላ እንዲመስል ኮኮናት፣ ማርሽማሎና የወተት ስኳር የሚጨመርበት፣ ለእኔ ከቢራ ወጥቷል። የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደስታል፤ ሦስተኛው ያንገሸግሻል። ተቆልቶ የጣፈጠን ብቅል በስኳር መቅበር ጠማቂውንም ገበሬውንም መበደል ነው።

ማቆየትን በተመለከተ፣ ትኩስ የሆነው የቡናውና የሆፑ ጣዕም ደማቅ ነው። ቆሞ፣ ከብርሃን ርቆ፣ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ጠርሙስ በዓመታት ውስጥ ምሬቱ ይለዝባል፤ የፍሬውና የወይን ጠጁ መዓዛ ይጎላል። ሁሉም ግን አያምርበትም፤ ቡና ተጨምሮበት የተጠመቀው በተለይ ቶሎ ቢጠጣ ይሻላል፤ ያ ትኩስ የቡና ሽታ ቀድሞ የሚሄደው ነው።

ከምግብ ጋር የሚያቀርቡት ካሉ አዋዜና ሚጥሚጣን ያርቁ፤ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ጨውና ቅቤ ብቻ የነካው ጥብስ፣ ያረጀ አይብ፣ ወይም ስኳሩ ያነሰ ጥቁር ቸኮሌት ይስማማዋል።

የኦልድ ራስፑቲን ውጤት ከእኔ ዘንድ ከፍ ያለ ነው። ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል፣ አረፋው ሁሉ ከጠፋና ቢራው የክፍሉን ሙቀት ከያዘ በኋላ፣ ቡናው አመድ አልሆነም፣ ጣፋጩም አልሰለቸም። ይህን ፈተና የሚያልፍ ኢምፔሪያል ስታውት ጥቂት ነው።

አንድ 355 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ9 በመቶ ሲሰላ ውስጡ 32 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ ሁለት ጠርሙስ መደበኛ ቢራ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ለሁለት ወይም ለሦስት ተካፈሉት፤ መኪና የሚነዳ ካለ ግን አይቅመስ።