ድራማውን ጨረስን፤ ቃኘውንስ?

ደባርቅም ዳባትም ያሉ ጓደኞቼ የኮሪያ ድራማ በስልካቸው እያዩ ሌሊቱን ያነጋሉ። ስለ ቃኘው ሻለቃ ስጠይቃቸው ግን «ዘምተው ነበር አይደል?» ብለው ያልፉኛል።

አዎ፣ ዘምተዋል። የመጀመሪያው ሻለቃ የተነሳው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። በየተራ ከ6,000 በላይ ወታደሮች ሄዱ፤ ከ120 በላይ ተሰው፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም የለም።

ታሪኩን ማን ይጻፈው? የኮሪያ ብሔራዊ የታሪክ ተቋም አገሩን የሚመለከት ሰነድ ከውጭ ሳይቀር ያሰባስባል። የጦር ሰነድ ግን የሚነግረን ስለ ውጊያው ነው። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ዘማቾቹ ስለ ዘመቻቸው ማውራት ፈሩ። ያንን ፍርሃት ከመዝገብ ሳይሆን ከሰው አፍ ነው የምናገኘው።

ጊዜ ደግሞ የለንም። ያኔ በ20 ዓመቱ የዘመተ ዛሬ ከ90 አልፏል። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ነኝና በእኔ ስሌት ከዚህ በላይ እያለቀ ያለ ሀብት የለም።

ስለዚህ በዘመድም በጎረቤትም ዘማች፣ ወይም የዘማች ልጅ ካለ ሄዳችሁ አስፈቅዱና በስልካችሁ ቅዱ። ስማቸውን፣ የዘመቱበትን ዓመት፣ ሲመለሱ ምን እንደገጠማቸው ጠይቁ። በዓይናቸው ያዩትንና ከሌላ የሰሙትን ለይታችሁ ጻፉ። የታሪክ ተመራማሪ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።