የስታፋው ጫፍ

በታኅሣሥ 2017 የፈንታሌና የዶፈን መሬት ሲናጥ ሰንብቶ መጠኑ 6 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እዚህ ሾኔ ለግንባታ ፈቃድ የሚመጣ ሰው ሁሉ ካርታውን ሳይዘረጋ «ኢንጂነር፣ ወደ እኛም ይመጣል እንዴ?» ይለኝ ነበር። እኔ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ አይደለሁም። ፕላን አያለሁ፣ ሳይት እወርዳለሁ፣ ፌሮ እቆጥራለሁ። ጥያቄው ግን አድራሻ ተሳስቶ አልመጣም።

በአገራችን ሥራው የተከፋፈለ ነው። መሬቱን የሚያዳምጠው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው፤ መነሻው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን የመራው የአራት ኪሎው ኦብዘርቫቶሪ ነው። ሰው የማሸሽና እርዳታ የማድረሱ ኃላፊነት የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። የሕንፃ ኮዱ ደግሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ይወጣል። ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ካለ፣ የእኔን የመሰለ የከተማ ፈቃድ ክፍል ጠረጴዛ ነው።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «አንድ ጠንካራ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ቢኖረን» ይላሉ። ቱርክ አላት፤ አፋድ የሚባለው ድርጅት መንቀጥቀጡንም ይመዘግባል፣ አደጋውንም ይመራል። ሆኖም በጥር 29 ቀን 2015 በዚያች አገር በመሬት መንቀጥቀጥ ከ50,000 ሰው በላይ አለቀ። ከዚያ በፊት ከደንብ ውጭ ለተሠሩ ሕንፃዎች በክፍያ ምሕረት ይሰጥ ነበር። መሣሪያው ቢበዛም የኮለኑን ፌሮ የሚያስረው ፌራዮ ነው።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ስለ ፈንታሌ አይደለም። እዚያ የቀለጠ አለት የመሬቱን ስንጥቅ እየገፋ ነበር፤ ከእኛም ይርቃል። የምነግራቸው ስለ ሆሳዕና ነው። በታኅሣሥ 2003 የሆሳዕና አካባቢ ሲንቀጠቀጥ መጠኑ 5ን ትንሽ ያለፈ ነበር። ብዙ ሰው «ተንቀጠቀጠ፣ አለፈ» ብሎ ያስታውሰዋል፤ እኔን የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። መጠኑ በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። በነሐሴ 1898 በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አካባቢ ተነስቶ አዲስ አበባን ያናወጠው ከ6 በላይ ነበር። ያኔ ግን በዚህ አገር ፎቅ ብርቅ ነበር። የእንጨት ማገር ያለው ጎጆ ይወዛወዛል፣ ጭቃው ይረግፋል እንጂ በቀላሉ በሰው ላይ አይወርድም።

አሁን የምንሠራው ሌላ ነው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ያልገባበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። ልጅ ከዚያ ይልካል፣ አባት እዚህ ያሠራል። ቤቱ እንደ ገንዘቡ አመጣጥ በዓመት በዓመት ከፍ ይላል፤ ፌሮው ከሶሌታው በላይ ቀርቶ ዝናብ እየመታው ይዝጋል። ምድር ቤቱ ሱቅ ስለሚሆን ፊቱ በር ብቻ ነው፣ ግድግዳ የለውም። ላዩ ደግሞ በብሎኬት የተከፋፈለ መኝታ ቤት ነው፤ ከባድና ግትር ነው። መሬት ሲወዛወዝ እንቅስቃሴው ሁሉ የሚሰበሰበው በምድር ቤቱ ኮለኖች ጫፍ ላይ ነው። ያን ጫፍ የሚያድነው ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ስታፋው ነው።

አብዛኛው ፌራዮ የስታፋውን ጫፍ በ90 ዲግሪ ያጥፈዋል። ይፈጥናል፣ ለማስገባትም ይቀላል። የኮለኑ ሽፋን አርማታ በረገፈ ጊዜ ግን ያ ጫፍ ይከፈታል፤ ዋናው ፌሮ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ኮለኑም ይደቅቃል። በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ መሐል አርማታው የገባ ጫፍ ግን አይለቅም። ልዩነቱ በአንድ ስታፋ የጣት ርዝመት የምታህል ፌሮ ናት። ከቢም ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ደግሞ ስታፋው መጠጋጋት አለበት፤ እዚያ ላይም ይሳሳል፣ ቢሙ ለፌራዮዎቹ መንገድ ስለሚዘጋባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኮድ ስለ መንቀጥቀጥ የተለየ ክፍል ነበረው፤ የሚያሰላው ግን በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ነበር። የ2015ቱ (ይህም እ.ኤ.አ.) 475 ዓመትን ያሰላል። ጥሩ ሰነድ ነው፤ ከብርድ ልብስ ይወፍራል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፌራዮ እጅ አይገባም። በ624 ቁጥሩ አዋጅ ምድብ ሀ የሚባለው ባለ አንድ ወለል ቤት የስትራክቸር ስሌት እንኳ አይጠየቅበትም ነበር። ችግሩ ምድብ ሀ ሆኖ የጀመረው ቤት ልጁ ሌላ ገንዘብ ሲልክ ፎቅ ለመሆን መፈለጉ ነው።

አንድ አባት በቅርቡ ኮለን ሊያስሞሉ ሲሉ አስቆምኳቸው። «ልጄ፣ ሲሚንቶው ተቦክቷል እኮ» አሉኝ። «አባባ፣ ከተሞላ በኋላ እኔም ልጅዎም አናየውም» አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው የስታፋውን ፎቶ ጆሃንስበርግ ላኩት። ልጁ ወዲያው ደወለና መንጠቆው ለምን ወደ ውስጥ መግባት እንዳለበት ጠየቀኝ። ከብዙ ባለሀብት ያልሰማሁት ጥያቄ ነው።

ጉዳት ሁሉ ግን ከሕንፃ አይመጣም፤ በጥር 2008 ሀዋሳ ላይ መጠኑ 5 እንኳ ያልሞላ ንቅናቄ ተማሪዎችን ያቆሰለው ሕንፃ ስለ ወደቀ ሳይሆን ሩጫና ዝላይ ስለ ነበረ ነው። አለመሮጥንና አለመዝለልን ማስተማር የኮሚሽኑ ድርሻ ነው። ከኢንስቲትዩቱም ቀንና ሰዓት የሚነግር ትንቢት አልጠብቅም፤ ያን የሚችል በዓለም ላይ የለም። የምፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ የስታፋ መንጠቆ ሥዕል፣ የሚጠጋጋበት ቦታ፣ በአማርኛ፣ በሀዲይሳና በከምባትኛ፤ ፌራዮው ማሰሪያ ሽቦ በሚገዛበት ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ።