ፕሩፍ ሳንቲምና የካሜኦ ውበቱ

ፕሩፍ የሚባለው ሳንቲም ለዕለት ግብይት ሳይሆን ለሰብሳቢዎች ታስቦ የሚመታ ነው። ምስል ያልወጣበት ብረትና ምስሉን የሚያትመው ቅርጽ አስቀድመው ይወለወላሉ፤ ብረቱም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ይመታል። በዚህ ምክንያት ባዶው ገጽ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ከፍ ብሎ የወጣው ምስል ደግሞ አመዳይ የነካው መስሎ ሲነጣ፣ ጨለም ባለው አንጸባራቂ ገጽ ላይ ጎልቶ ይታያል። ካሜኦ የሚባለው ይህ ልዩነት ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1964 ባወጣቻቸው ፕሩፎች ላይ ንጣቱ በደንብ የሚታየው ከአዲስ ማተሚያ ቅርጽ በወጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳንቲሞች ላይ ነበር። ንጣቱን የሚሰጠው የቅርጹ ሻካራ ክፍል በመታ ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል፤ የዚያ ዘመን ጥልቅ ካሜኦ፣ ማለትም ልዩነቱ እጅግ የጎላበት ሳንቲም፣ ብርቅና ተፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ቅርጾቹ በክሮም መለበጥ ስለጀመሩ ንጣቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በዛሬዎቹ ፕሩፎች ጥልቅ ካሜኦ የተለመደ ስለሆነ እንዲህ መባሉ ብቻውን ዋጋ አያስወድድም።

ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች ፒሲጂኤስ ከፍተኛውን ልዩነት «ዲፕ ካሜኦ» ሲለው፣ ኤንጂሲ «አልትራ ካሜኦ» ይለዋል። ስያሜውን ለማግኘት የሳንቲሙ ሁለቱም ፊቶች መስፈርቱን ማሟላት አለባቸው። ድርጅቶቹ የሚሰጡት እስከ 70 የሚደርሰው የደረጃ ቁጥር ግን የሚለካው ሌላ ነገር፣ የሳንቲሙን አያያዝና ጉዳት ነው። ስለዚህ በቁጥር ዝቅ ያለ የ1950ዎቹ ጥልቅ ካሜኦ፣ ካሜኦ ከሌለውና ከፍተኛ ቁጥር ካለው ሳንቲም በዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሳንቲሙን ከጉዳት ለመጠበቅ ገጹን በጨርቅ መወልወል ፈጽሞ አይገባም፤ የሚተወው ጭረት አይጠፋም።