የታጎች ዝምድና በማስታወሻ መተግበሪያ፦ ተረትና እውነታ

ታግ በማስታወሻ ላይ የሚለጠፍ አጭር መለያ ቃል ነው። «ቡና» የሚል ታግ ያላቸው ማስታወሻዎች ተበታትነው ቢቀመጡም በአንድ ፍለጋ ይሰበሰባሉ። ታጎቹ ራሳቸው ሲበዙ ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ፣ ዝምድናውም ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ አራት የተሳሳቱ እምነቶች ተለምደዋል።

ተረት 1፦ አንዱን ታግ ከሌላው ሥር ማስገባት ዝምድናቸውን ይገልጻል።
እውነታ፦ «ከሥር መሆን» አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። ቡና የሰብል ዓይነት ነው፤ ጅማ የኦሮሚያ አካል ናት፤ ስኒ ደግሞ የቡና ዓይነትም አካልም ሳይሆን ከቡና ጋር አብሮ የሚነሳ ዕቃ ነው። «ሰብል» ብሎ ለሚፈልግ ሰው የቡና ማስታወሻ ቢመጣለት ተገቢ ነው። ስኒ ከቡና ሥር ከገባ ግን የስኒ ዋጋ የተጻፈበትም ማስታወሻ ከሰብል ጋር ተጎትቶ ይመጣል። ሌላም ችግር አለ፤ ኦብሲዲያን በተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ በእዝባር የሚጻፈው «#ሰብል/ቡና» ወላጁ አንድ ብቻ ነው። ቡና መጠጥም ነውና «#መጠጥ/ቡና» ቢባል መተግበሪያው እንደ ሌላ ታግ ይቆጥረዋል።

ተረት 2፦ ሁለት ታጎች አንድ ነገር ማለታቸውን መተግበሪያው ራሱ ያውቃል።
እውነታ፦ ፍለጋው የሚያነጻጽረው ፊደላትን እንጂ ትርጉምን አይደለም። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ስላሉ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለም» እና «አለም» የተለያዩ ታጎች ሆነው ይቀራሉ። መፍትሔው አንዱን ዋና ስያሜ አድርጎ ሌላውን በአማራጭ ስያሜነት ማያያዝ ነው።

ተረት 3፦ ታጎችን የማዛመድን ሐሳብ የፈጠሩት የማስታወሻ መተግበሪያዎች ናቸው።
እውነታ፦ የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ባለሙያዎች ቃላትን «ሰፊ»፣ «ጠባብ» እና «ተዛማጅ» እያሉ ማያያዝ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው፤ ለዚህ አሠራር ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ስኮስ የተባለው የድር መመዘኛ ዝምድናዎቹን ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ ደነገገ። በስኮስ ተዛማጅነት ከሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል፤ ወደ ሦስተኛ ግን አይተላለፍም። ስኒ ከቡና፣ ቡና ከወጪ ንግድ ጋር ስለተዛመደ ብቻ ስኒና ወጪ ንግድ አይዛመዱም።

ተረት 4፦ ዝምድናው በበዛ ቁጥር ማስታወሻው ይበልጥ ይደራጃል።
እውነታ፦ እያንዳንዱ ዝምድና ማስታወሻው ሲለወጥ ተመልሶ መታረምን ይጠይቃል። ጀርመናዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ኒክላስ ሉማን 90,000 ያህል የማስታወሻ ካርዶች ነበሩት። በቃላት ማውጫው ግን ከአንድ ቃል ጎን ይጽፍ የነበረው ጥቂት የመነሻ ካርዶችን ቁጥር ብቻ ነው፤ የቀረውን መንገድ ካርዶቹ እርስ በርስ ይጠቋቆሙ ነበር። ለታጎችም መለኪያው ይኸው ነው፦ የፍለጋውን ውጤት የሚያሻሽል ዝምድና ይመዘገባል፤ ምንም የማይለውጥ ይቀራል።