ምርመራ የማያሳየው ሕመም፦ ፋይብሮማያልጂያን መረዳትና አብሮ መኖር



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ፋይብሮማያልጂያ ስለተባለው ሕመም ነው። በአብዛኛው በሴቶች ላይ ይታወቃል። በአገራችን ይህ ሕመም የጸናባት ሴት «ቁርጥማት ነው»፣ «ብርድ መትቶሽ ነው» ስትባል ትከርማለች፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርስም የደም ምርመራውና ራጁ ደኅና ይሆንና «ምንም የለብሽም» ተብላ ትሸኛለች። ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። በአካል ላይ የሚታይ ጉዳት አለመገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ሕመም አለመኖሩ ግን ሌላ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ሕመም እንዴት እንደሚሰማን እንመልከት። እጃችን ሲጫን ወይም ሲቃጠል መልእክቱ በነርቮች አልፎ ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይደርሳል። አንጎል የመጣለትን መልእክት ያጎላል ወይም ያለዝባል። በፋይብሮማያልጂያ የማጉላቱ ኃይል ይበረታል፤ የማለዘቡ አቅም ይደክማል። የዚህ አዳራሽ የድምፅ ማጉያ ከልክ በላይ ቢከፈት ሹክሹክታዬ እንኳ ጆሯችሁን ያሳምማል፤ እንዲሁ ሁሉ ሕመምተኛዋን የልጇ እቅፍ ሊያማት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሕሙማንና በጤነኞች አውራ ጣት ላይ እኩል ጫና አሳርፎ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ሲመለከት፣ ሕመምን የሚያስተናግዱት ክፍሎች በሕሙማኑ ዘንድ ይበልጥ ተነቃቅተው ተገኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ ባወጣው መስፈርት ሐኪሙ 18 የሰውነት ነጥቦችን በጣቱ ይጫን ነበር፤ ቢያንስ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። በ2010 የወጣው መስፈርት ይህን ትቶ የሕመሙን ስርጭት፣ ድካሙን፣ ዕረፍት የማይሰጠውን እንቅልፍና የሐሳብ መበታተኑን ይመዝናል፤ ምልክቶቹም ቢያንስ 3 ወር የቆዩ መሆን አለባቸው። የደም ምርመራ አስፈላጊ የሚሆነው የታይሮይድ ዕጢ መታወክንና የመገጣጠሚያ ብግነትን የመሳሰሉ ሕመሞችን ለመለየት ነው።

ሕመሙን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሊረግብ ግን ይችላል። የአውሮፓ ፀረ ሩማቲዝም ሊግ በ2017 ባወጣው ምክር ከሁሉ አጥብቆ የደገፈው የአካል እንቅስቃሴን ነው። አጀማመሩ ዝግ ያለ ይሁን፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ በእግር መሄድና በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር በቂ ነው። ሕመሙ በቀለለበት ቀን ሁሉን ሥራ መጨረስ ማግስቱን አልጋ ላይ ያውላል። ለምሳሌ ለበዓል ሽንኩርት መላጡንና ቤት ማጽዳቱን በአንድ ቀን ከመጨረስ ለቀናትና ለቤተሰብ ማከፋፈል ይሻላል። አሚትሪፕቲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ አንዳንዶችን ይረዳሉ። ዲክሎፌናክ ግን ለዚህ ሕመም እምብዛም አይፈይድም፤ ያለ ክትትል ሲዘወተርም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ለሐኪሞችና ለቤተሰብ አንድ አደራ አለኝ። «ምንም የለብሽም» ከማለት ይልቅ «ምርመራው አደገኛ ነገር አላሳየም፤ ሕመምሽ ግን እውነት ነው፤ ምን እናድርግ?» እንበል። ያልታመነች ሕመምተኛ ከሐኪም ሐኪም፣ ከመርፌ መርፌ ስትንከራተት ገንዘቧንም ተስፋዋንም ትጨርሳለች። የታመነች ግን እንቅልፏን ለማስተካከልና በየቀኑ ለመንቀሳቀስ የሚያስችል አቅም ይተርፋታል።