ስንት ዘነበ?

የዝናብ መለኪያ ዓይን የሚስብ ዕቃ አይደለም። አፉ ክብ የሆነ የብረት ሲሊንደር ነው፤ ውስጡ እምቡቶ፣ ከእምቡቶው ሥር የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። ታዛቢው በየጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሄዶ የተጠራቀመውን ውሃ ቁጥር በተጻፈበት ብርጭቆ ይለካና ይመዘግባል። በረዶ ወርዶ ከሆነም ቀልጦ እንደ ውሃ ይቆጠራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው።

ሒሳቡን ወደ አዲስ አበባው ጉለሌ እናምጣው። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ ዝናብ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ እንጦጦ ሥር ያለው ሰፈር ደግሞ ዝቅ ብሎ ካለው አቃቂ የበለጠ ያገኛል። ሽሮ ሜዳ ያለ 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቢያንስ ቢያንስ 55 ሺህ ሊትር ውሃ በዓመት ይወርድበታል፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 27 ጊዜ ሞልቶ የሚተርፍ ነው። (የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ትንሽ ያናድዳል።) በዝናብ የምትታማው ለንደን በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ የለንደኑ ዓመቱን ሙሉ እየተንጠባጠበ ሲመጣ፣ የአዲስ አበባው ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ መውረዱ ነው።

የጉለሌ ጀርባ የሆነው እንጦጦ ዝናቡን ተቀብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። በደቡብ ጎኑ የወረደው በቀጨኔና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽን ተከትሎ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ጥቂት ርምጃ አልፎ በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን በሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል።

አገሩ ሲሰፋ ልዩነቱም ይሰፋል። ኢሉባቦር ያለችው ጎሬ 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ታገኛለች። ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን በኩል እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ የምዕራቡን ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናውም ይዘንባል፤ ዝናቡም ስምንት ወር ያህል አይለያትም። ባሕር ዳር ከ1,400 አትርቅም። መቀሌ 600 ገደማ ላይ ትቆማለች፣ እሱም አብዛኛው በሁለት ወር ውስጥ የሚወርድ ነው። ጎዴ ከ300 በታች፣ ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ዳሎል ደግሞ ከ200 በታች ናቸው። የአገሪቱ አማካይ 850 ገደማ ነው ሲባል ጎሬንና ዳሎልን ደምሮ ማካፈል ስለሆነ፣ ለሚያርስም ለሚያረባም ብዙ አይነግረውም።

ዝናቡ ይህ ከሆነ፣ እውነተኛው አመዳይስ? የኢትዮጵያ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ክርክሩ ግን ረጅም ነው። በአዱሊስ ወደብ የቆመ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት አመዳይ እንዳለ ይናገራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ ይህን አስተባበለ። በ19ኛው መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ተራሮቹ ነጥተው አይቶ ለጥንቱ ጽሑፍ መሰከረ። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ራስ ደጀን ዛሬም አልፎ አልፎ ይነጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ይቀልጣል።

ወደ ዝናቡ ስንመለስ፣ ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስተው ወሩ ነው። የጉለሌ ሰው ክረምት ሲል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ያስባል፣ አገሩም ሁሉ እንደዚያው ይመስለዋል። ደቡብ ያለው ቦረና ላይ ግን ሐምሌ ደረቅ ነው። የቦረና ከብት አርቢ የሚጠብቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን ጋናንና በመጸው የሚመጣውን ሃገያን ነው፤ በሶማሌ ክልልም ተመሳሳይ ሁለት ወቅቶች ጉ እና ዴይር ይባላሉ።

ስለዚህ አንድ የአየር ክስተት ሁለቱን የአገር ክፍሎች በተቃራኒ መንገድ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤል ኒኞ የተባለው ክስተት የሰሜኑንና የመሐሉን ክረምት አሳጥሮ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ደግሞ፣ ተቃራኒው ላ ኒኛ ሲበረታ፣ ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ አምስት የዝናብ ወቅቶችን በተከታታይ አጡ፤ የከብት አስከሬን ቦረናን ሞላው። በ2023 መጨረሻ ኤል ኒኞ ተመልሶ ሲመጣ ዴይር ከልክ አለፈና፣ ከድርቁ የተረፈው ሶማሌ ክልል በዋቢ ሸበሌ ዙሪያ በጎርፍ ተጥለቀለቀ።