ስለ ኮምፒዩተር ድምፅና ስለ ቤተ ሰብ ጆሮ

ኮምፒዩተር የተባለው መሣሪያ በየሰው ቤት መግባት በጀመረበት ዘመን ብዙው ድምፁ አንድ ብቻ ነበረ። ሲነሣም ሲሳሳትም ያው ጢጥ ይላል እንጂ ሌላ ቃል አልነበረውም። ኋላ ግን ድምፅ የሚያወጣ ሰሌዳ ተጨመረለትና እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ሲወጣ፥ ባለቤቱ ራሱ የቀዳውን ድምፅ ለመክፈቻው፥ ለመዝጊያውና ለስሕተት ማስታወቂያው እንደ ወደደ ሊመድብ ቻለ። ዛሬም በእጅ ስልክ ሳይቀር ይኸው ሥራ ይሠራል።

በዚህ ነገር ሙግት የሚያውቁ ሰዎች ደስ የሚላቸው አንድ ታሪክ አለ። አፕል የተባለው የኮምፒዩተር ማኅበር፥ ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች ካቋቋሙት አፕል ኮር ከተባለው ማኅበር ጋራ በስም ተካሶ በ1981 ሲታረቅ፥ ወደ ሙዚቃ ንግድ እንዳይገባ ቃል ሰጥቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ዜማ ማሰማት ቢጀምር በ1989 ዳግመኛ ተከሰሰ። በክርክሩ መካከል ጂም ሪክስ የተባለ ሠራተኛ አጭር የማስታወቂያ ድምፅ ሠርቶ ስም ቢያወጣለት፥ የማኅበሩ ነገረ ፈጆች ስሙ ሙዚቃ ይመስላል ብለው ከለከሉት። እርሱም «ሶሱሚ» ብሎ ሰየመውና የጃፓን ቃል ነው፥ ከሙዚቃ ጋራ ነገር የለውም ብሎ አሳለፈ። በእንግሊዝኛ ሲያነቡት ግን «እንግዲያስ ክሰሱኝ» ማለት ነው። ድምፁ በ1991 ወጣ። የእኛ ባለቅኔ ቢሰማው ሰሙ ጃፓን፥ ወርቁ ሙግት ባለ ነበር።

መሣሪያው ድምፅን የሚይዘው በቍጥር ነው። መካከለኛ ጥራት ላለው ድምፅ በአንድ ሰኮንድ 22,050 ጊዜ እየለካ ይጽፋል፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜው ፍሎፒ ዲስክ ቢሞላ እንኳ የሚይዘው 67 ሰኮንድ አይደርስም ነበር።

የጋይንት ሊቃውንት ድምፅን በምልክት መጻፍ ከጥንት ያውቃሉ። በዚያ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። ይዘት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ርክርክና ሌሎቹም ከቃሉ ራስ ላይ ተጽፈው ድምፁ የሚያዝበትን፥ የሚወርድበትንና የሚወጣበትን ያሳያሉ። ነገር ግን ምልክቱ ከመምህር አፍ ላልሰማው አያዜምም። የኮምፒዩተሩ ቍጥር ያለ መምህር ያሰማል፤ ዳሩ ግን የቀዳውን ያንኑ ከመድገም በቀር ሌላ አያውቅም።

ይህን ማንሣታችን ስለ ልጆች ነው። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወላጆች፥ ልጆቻቸው ያገራቸውን ድምፅ ሳያውቁ እንዳያድጉ ይሰጋሉ። የእረኛ ዋሽንት ወይም የበገና አንድ አውታር ተቀድቶ ለመክፈቻው ቢመደብ ልጁ በየቀኑ ይሰማዋል። አያቱ «ግባ፥ ልጄ» ስትል ድምፅዋን መቅዳትም ይቻላል። ይህን ግን ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ይምከርበት፤ አያቲቱ ካረፉ በኋላ ያ ድምፅ በየማለዳው መነሣቱ ለአንዱ መጽናኛ፥ ለሌላው የማይደርቅ ኀዘን ይሆናልና።

ድጓንና ጸናጽልን ለስሕተት ማስታወቂያ ማድረግ ከቶ አይገባም። ልጁ ስሕተት በሠራ ቍጥር ጸናጽል ሲሰማ ቢያድግ፥ አንድ ቀን በማሕሌት ቆሞ ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል። ለስሕተት የሙቀጫ አንድ ምት ይበቃል፤ እርሱም ከአንድ ሰኮንድ ባይበልጥ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም።